ቅቤ ፈታኙና ጥቁሩ ድንጋይ

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው ቅቤ መፈተን ነበር።

ጥያቄሽን ረስቼ ተረት የጀመርኩ አይምሰልሽ፣ ልጄ። በደንብ ሰምቼሻለሁ። በመሥሪያ ቤታችሁ ኢሜይል የሚቀበለው ሰርቨር ላይ ቆሻሻ መልእክት የሚያጣራውን ፕሮግራም የተከልሽው አንቺ ነሽ። አሁን ማጣሪያው የማሽኑን ጉልበት ሁሉ ለብቻው ይበላል። ፕሮሰሰር ያልሽው ነገር ከጠዋት እስከ ማታ ትንፋሽ አጥቶ ይውላል፤ የደህና ሰው መልእክት እንኳ በር ላይ ተሰልፎ ይቀራል። አለቃሽ ደግሞ ሰኞ መልስ ይፈልጋል፤ ማጣሪያው ይጥፋ ወይስ አይጥፋ? አንቺም ፊትሽን አጥቁረሽ «እማዬ፣ ብዙ መጠንቀቅ ጥፋት ነው እንዴ?» አልሽኝ። ስለ ማሽን የማውቀው የለኝም። ስለ ቅቤ ግን አውቃለሁ። እንግዲህ ስሚኝ።

ያ ሰው የሚኖረው ቆላ ውስጥ ባለች አንዲት የገበያ ከተማ ነበር። ያደረውም ለአንድ ባለጠጋ ቅቤ ነጋዴ ነው። ባለጠጋው በየቅዳሜው ከደጋ የሚወርደውን ቅቤ እየገዛ፣ በበቅሎ እያስጫነ ወደ ሩቅ አገር ይልካል። ከዚያ ቤት የወጣ ቅቤ ነው ከተባለ የሚያሸተው፣ የሚጠራጠረው አልነበረም። ሠርግ የደገሰ፣ አራስ ያለችበት፣ ተዝካር የሚያወጣ ሁሉ «ከባለጠጋው ቤት ይሁንልኝ» ይል ነበር። ይህ ሁሉ ስም የቆመው በአንድ ሰው ላይ ነው፤ በፈታኙ።

የቅቤ ማታለያ ብዙ ነው። ላዩን ለጋ ቅቤ ቀብቶ ውስጡን የተቀቀለ ድንች የሚሞላ አለ። ሙዝ የሚለውስ አለ። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ሞራ አቅልጦ የሚቀላቅለው ነው፤ እርሱን ዓይን አይለየውም። በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ሲቀርብ ሁሉም ሙሽራ ይመስላል።

ፈታኙ ግን በሙሽራ ልብስ የሚታለል ሰው አልነበረም። በባለጠጋው ደጅ ምድጃ ተክሎ፣ ከእያንዳንዱ ጥቅል ልብ በማንኪያ ያወጣል። ያወጣውን በትንሽ ሸክላ ድስት ይጥደዋል። አረፋው እስኪረግፍ ይጠብቃል፤ ከሥሩ የቀረውን ዝቃጭ ያያል፤ ያሸታል፤ በመጨረሻም በምላሱ ይቀምሳል። ንጹሕ ከሆነ «ይግባ!» ይላል፣ ድምፁ ገበያውን አልፎ እስኪሰማ። ካልሆነም «ድንችህን ይዘህ ወደ ወጥህ!» ብሎ ይሸኛል።

በሥራው ይኮራ ነበር። ቢኮራም አይፈረድበትም፤ እርሱ እዚያ ምድጃ አጠገብ ከተቀመጠ ወዲህ አንድ ጥቅል ሐሰት ወደዚያ ጎተራ አልገባም። «እሳት አይዋሽም» ነበር ቃሉ። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞሮ ያማትብና አንዲት አጭር ጸሎት ይጸልያል፤ «ጌታ ሆይ፣ ሐሰት በእጄ አይለፍ።» ከዚያ በኋላ እጁን ታጥቦ እሳቱን ይቆሰቁሳል።

ለማንም አያዳላም ነበር። አማቱ እንኳ ቅቤ ይዛ ስትመጣ ተራዋን ጠብቃ፣ የእርሷም ከልቡ ተቆርሶ ይጣዳል።

«አንተ ልጅ» አለችው አንድ ቀን፣ ወገቧን ይዛ፤ «እኔ ልጄን ስድርልህ በእሳት አልፈተንኩህም።»

«ሕግ ነው፣ እናቴ። ለሁሉም አንድ ነው።»

«ሕግህስ ይባረክ። ብቻ ወገቤን ማን ያቃናልኛል?»

ሰልፈኛው ሳቀ። እርሱም ፈገግ አለ፤ ግን ድስቱን ከእሳት አላወረደም። አማቱም በቆመችበት አረፋው እስኪረግፍ ጠበቀች።

ስም እንደ ማር ነው፣ ልጄ፤ ንቡንም ዝንቡንም ይጠራል። የባለጠጋው ቤት ስም በገነነ ቁጥር ከደጋ የሚወርደው ቅቤ በዛ። ቀላቃዩ ደግሞ ከቅቤው በለጠ። ለቀላቃይ ምን ይከብደዋል? ድንች መቀቀል ልፋት አይደለም። አንዱን ድስት ድንች በብዙ ትናንሽ ጥቅል ይከፋፍልና ለብዙ ሰው አሸክሞ ይልካል። «ከዚህ ሁሉ አንዱ ካለፈልኝ ይበቃኛል» ነው ሐሳቡ። ፈታኙ ግን እያንዳንዷን ጥቅል ሊጥድ ነው። የእነርሱ ውሸት በነጻ፣ የእርሱ እውነት በእሳት ሆነ።

ሰልፉ ከደጁ አልፎ መንገዱን ያዘ። ፈታኙ ወደ ጌታው ገብቶ ሁለተኛ ምድጃ ለመነ፤ ተፈቀደለት። ብዙም ሳይቆይ ሦስተኛ ለመነ፤ እርሱም ተፈቀደለት። ሁለት ሰዎችም በሥሩ ሆነው ማንኪያ ያዙ። ምድጃ ሲበዛ ማገዶ ይበላል። የአካባቢው ጭራሮ አለቀ፣ ከሩቅ የሚመጣው ፍልጥም አልደርስ አለ።

በባለጠጋው ደጅ አንድ ትልቅ ግራር ነበረ። ተራ ጠባቂው ሁሉ ጥቅሉን ይዞ የሚቀመጠው ከጥላው ሥር ነው። አንድ ቀን እሳቱ ሊጠፋ ሲል ፈታኙ ዙሪያውን አየ፤ ዓይኑም ግራሩ ላይ አረፈ። «ይቆረጥ» አለ። ያለው እርሱ ራሱ ነው፤ ሌላ ማንም አይደለም። ቅርንጫፉ ለዚያው ቀን ሆነ፣ ግንዱ ደግሞ ተቆራርጦ ለሚመጣው ተከመረ። በዚያ ቅዳሜ አንድም ሐሰት አላለፈም። እርሱም ማታ ወደ ቤቱ ሲሄድ ደስ ብሎት ነበር።

ጥላ የሌለው ሰልፍ ግን የቆላ ፀሐይ ላይ ቀረ። ከደጋ ሌሊቱን ተጉዘው የመጡ ሴቶች ቅቤያቸው በእጃቸው ላይ ይለሰልስ ጀመር። ከኮባው ሥር ጠብ ጠብ ሲል ጊዜ አንዷ «አይ የእኔ ነገር!» ብላ ተነሣች። ሌላዋም ተከተለች። መንገድ ላይ ላገኙት ሁሉ እንደ ነገሩ እየሸጡ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ቀላቃዮቹ አልተመለሱም። ምን ጎደለባቸው? ተቀምጠው ይጨዋወታሉ።

ባለጠጋው ጎተራውን ከፍቶ አየ፤ ባዶ ነበር ማለት ይቀላል። በቅሎዎቹ ሳይጫኑ ይውላሉ፤ ነጂዎቹ ገበጣ ይጫወታሉ። ፈታኙን አስጠራው።

«የደጋ ቅቤ የት ገባ?»

«እየፈተንኩ ነው፣ ጌታዬ። አንድም ሐሰት አላለፈም።»

«እውነቱስ አልፏል?»

ፈታኙ ወደ ባዶው ጎተራ አየ።

«አንተ የምትፈትነው ድንች ነው፣ ሰውዬ!» አለ ባለጠጋው። «ቅቤው በፊትህ ተመልሶ ሄደ። አሁን ስማኝ። ቅዳሜ እሳትህ እንዲህ ሆኖ ጎተራዬ ባዶ ከዋለ፣ ሁሉንም ምድጃ አስጠፋለሁ፤ አንተም ከደጄ ትሄዳለህ። የመጣውን ሁሉ ሳልፈትን እገዛለሁ። ይሁን እንግዲህ፤ ድንችም ቢሆን ይጫናል።»

ፈታኙ ወጣ። ከእንጀራው ይልቅ ያሳዘነው ሌላ ነገር ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀው በር በአንድ ቅዳሜ ሊከፈት ነው። ያ አራስ የሚያምንበት፣ ሠርገኛ የሚምልበት ስም ድንች ሊሆን ነው። እሳቱ ካልጠፋ ቅቤው አይገባም፤ እሳቱ ከጠፋ ደግሞ ሐሰቱ ይገባል። ሦስተኛ መንገድ አልታየውም። ዓርብን ጾሞ ዋለ፤ ቅዳሜ ማለዳም እንደ ልማዱ አማትቦ ምድጃው አጠገብ ተቀመጠ።

ረፋዱ ላይ ፀሐዩ ከረረ። ሦስቱም ምድጃ ይንቦገቦጋል፤ የፈታኙ ዓይን በጢስ ቀልቷል። በሰልፉ ውስጥ ከሩቅ ደጋ የመጣች አንዲት ሴት ነበረች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሰረች፣ እግሯ አቧራ የለበሰ። ተራዋ ደርሶ ፊቱ ስትቆም ጥቅሏን ፈታችው። ቅቤው ቅቤ መሆኑ ቀርቷል። ቀልጦ፣ ከኮባው ላይ በመዳፏ፣ በመዳፏም እስከ ክርኗ ይወርዳል።

ፈታኙ እጁ ለምዶበት ማንኪያውን ዘረጋ።

«ጌታው» አለችው ሴትዮዋ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፤ «ማንኪያህን መልስ። የእኔን ፀሐይ አነጠረችው። ላንተ እሳት ምን ተረፈለት?»

ሰልፈኛው በሳቅ ፈነዳ። ማንኪያ የያዙት ሁለቱ ሰዎች እንኳ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ፈታኙ ግን አልሳቀም። የሴትዮዋን መዳፍ ያይ ነበር። በቀለጠው ቅቤ ሥር የመዳፏ መስመር ሁሉ ጥርት ብሎ ይታያል፤ አንድ ጉድፍ የለበትም፣ አንድ ዝቃጭ የለበትም። ዕድሜውን ሙሉ በድስት ሥር ሲፈልገው የኖረ ነገር፣ ያለ ድስትና ያለ ማገዶ በአንዲት ሴት እጅ ላይ ተገልጦ አየው።

ከዚያ ቀና ሲል ከኋላዋ የቆመውን ሰውዬ ተመለከተ። የሰውዬው ጥቅሎች በዚያው ፀሐይ ደርቀው፣ ተኮፍሰው፣ እንደ ሙሽራ ቀጥ ብለው ቆመዋል።

«አንተ ስትመጣ ይህች ሴት ነበረች?»

«ኧረ እኔ ቀድሜያት ነው የመጣሁት! ለሴት ክብር ብዬ ተራዬን ለቀቅኩላት እንጂ» አለ ሰውዬው፣ ደረቱን ነፍቶ።

«ታዲያ የእርሷ ቀልጦ ያንተ ምነው ሳይቀልጥ?»

ሰውዬው ወደ ጥቅሎቹ አየ፤ ወደ ሴትዮዋ እጅ አየ። «የእኔ… የእኔ ላም ጠንካራ ናት።»

«ስሟ ድንቺቱ ነው?» አለ አንዱ ከኋላ። ያን ጊዜ የሳቁ ብዛት በቅሎዎቹን አስደነበረ።

ፈታኙ ከተቀመጠበት ተነሣ። በሥራ ሰዓት ከምድጃው ሲነሣ ያየው ሰው አልነበረም። ድስቱን ከእሳት አወረደ። ከግራሩ ጉቶ አጠገብ ሴቶች ሲቀመጡበት የኖረ አንድ ሰፊ፣ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ነበረ፤ ዛፉ ከተቆረጠ ወዲህ ግን እንደ ምጣድ ግሎ የሚቀመጥበት ጠፍቷል። ወደዚያ ሄዶ በመዳፉ አቧራውን ጠረገና «ጥቅላችሁን ይዛችሁ ወደዚህ ኑ፤ ከሰልፉ ማንም አይቅር» አለ።

ከእያንዳንዱ ጥቅል ልብ ቁንጣሪ ቁንጣሪ እያወጣ ድንጋዩ ላይ አኖረ። አማትቦ ቆመ። ቅቤው ሳይውል ሳያድር ቀለጠ፤ ጠርቶ በድንጋዩ ላይ ተዘረጋ። ድንቹ እንደ ጭቃ ባለበት ቀረ። ሙዙም ጠቆረ። ቀላቃዮቹ ጭቃቸውን እያዩ ማንም ሳይናገራቸው ጥቅላቸውን አንሥተው በየአቅጣጫው ሄዱ። ከሰልፉ የሚበዛው እነርሱ ኖረዋል። ፀሐይ ለደጉም ለክፉውም እኩል ትወጣለች ይባላል፤ ፈታኙ ግን ያን ዕለት፣ እኩል ወጥታ እንዴት እንደምትለይ አየ።

ጥቂቶች ቀሩ። እነዚህ ቀልጠዋል፤ ነገር ግን ሰነፍ አቀላለጥ ነው፣ ጠርዛቸውም ነጣ ብሏል። ድንጋዩ ሊፈርድባቸው አልቻለም። «እነዚህን ወደ እሳት» አለ ፈታኙ። በአንድ ምድጃ፣ ሳይቸኩል፣ አረፋቸው እስኪረግፍ ጠብቆ ፈተናቸው። ሞራ ያለበትን ለየ፤ ንጹሑን «ይግባ!» አለው። እጁ እንደ ድሮው ሆነ። ድሮም ይህን ነበር የሚያውቅበት፤ አስቸጋሪውን።

ሁለቱን ምድጃ ውኃ አስደፋባቸው። ረዳቶቹም ሊነድ የተከመረውን የግራር ግንድ እየተከሉ፣ በላዩ ቅጠልና ሸማ ዘርግተው ዳስ አቆሙበት፤ ተራ ጠባቂው ከጥላው ገባ። ለዚያች ለደጋዋ ሴት ንጹሕ ገንቦ አስመጣላትና የቀለጠውን ቅቤዋን በእጁ ተቀብሎ ገለበጠው። ከዚያ በዚያ ድምፁ፣ እሳት ሳያስነካው፣ «ይግባ!» አለ።

«ደመና ሲሆንስ?» ስትል ጠየቀችው አማቱ። እርሷም ከሰልፉ መካከል ነበረች። «ያን ጊዜ ድንጋይህ ምን ሊረባህ ነው?»

«ደመና ሲሆን የእርስዎም ቅቤ አይቀልጥብዎትም፣ እናቴ። በእሳት እስክፈትን ከዳሱ ሥር አረፍ ብለው ይጠብቁኛል። ደግሞ የእርስዎን ከእንግዲህ ባላየውስ?»

«ኧረ እየው» አለች አሮጊቷ። «ሁልጊዜም እየው፣ ልጄ። ብቻ ቶሎ እየው።»

ማታ ባለጠጋው ወደ ጎተራው መጣ። ጎተራው ሞልቷል። ነጂዎቹ ገበጣቸውን ትተው ይጭናሉ። ወደ ደጅ ሲያይ የለመደው ጢስ የለም፤ አንዲት ትንሽ እሳት ብቻ ትታያለች።

«እሳቱን አጠፋኸው ማለት ነው?» አለ፣ ደንገጥ ብሎ። የሚፈልገውም የሚፈራውም ይህንኑ ነበርና።

«አላጠፋሁትም፣ ጌታዬ» አለ ፈታኙ። አንገቱ ቀና ብሏል። «ለሚገባው አስቀረሁት። አንድም ሐሰት አልገባም። ከቅቤያቸው ጋር የተመለሱ ሴቶችም የሉም።»

ባለጠጋው ከአንዱ ጥቅል በጣቱ ጫፍ ቆርሶ ቀመሰ። ጎተራውን ዘጋና ቁልፉን ለፈታኙ ሰጠው፤ ከዚያ ቀን በፊት ቁልፉ ከባለጠጋው ወገብ ወርዶ አያውቅም።

በማግሥቱ ፈታኙ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ጸሎቱን ጸለየ። «ጌታ ሆይ፣ ሐሰት በእጄ አይለፍ» አለ። ጸሎቱ ግማሽ እንደነበረ ያን ጊዜ ገባው። ሌላውን ግማሽ ጨመረበት፤ «እውነትም በደጄ አይቅለጥ።»

እንግዲህ ልጄ፣ ባለጠጋው መሥሪያ ቤትሽ ነው። የደጋዋ ሴት እውነተኛ ጉዳይ ኖሮት ጽፎ መልስ የሚጠብቀው ሰው ነው። ድንቹ አንድ አታላይ በብዙ ስም የሚበትነው መልእክት ነው፤ ለእርሱ ምንም አይፈጅበትም፣ አንቺን ግን ሙሉ ቀን እሳት ያስነድድሻል። ያ ሲንቦገቦግ የሚውለው ምድጃ ፕሮሰሰርሽ ነው። ማጣሪያሽ አልዋሸም፤ አልሰነፈምም። ጥፋቱ፣ ድንችነቱ ከሩቅ የሚታየውን መልእክት ሳይቀር ከልቡ ቆርሶ እሳት ላይ መጣዱ ነው። ሌላ ማሽን እንጨምር ለሚሉሽም ግራሩን አስታውሺ። ምድጃ መጨመር አንዳንዴ ግድ ይሆናል፤ ድንጋዩ ሳይሞከር ግን ዛፍ አይቆረጥም።

የአንቺ ጥቁር ድንጋይ የቱ እንደሆነ እኔ አላውቅም። አንቺ ግን ታውቂዋለሽ። ለፋሲካ መጥተሽ ሽንኩርት እየላጥሽ አጫውተሽኛል። ላኪው ከየት እንደመጣ ብቻ አይቶ፣ መልእክቱን ሳይከፍቱ ከበር መመለስ ይቻላል ብለሽኛል። የማይታወቀውን ላኪ «ቆይተህ ተመለስ» ቢሉት፣ እውነተኛው ተመልሶ ይመጣል፣ ብዙ የሚበትነው አታላይ ግን ለመመለስ ጊዜ የለውም ብለሽኛል። አንቺ እንደ ዋዛ ነበር ያወራሽው። እኔ ግን በልቤ አኑሬዋለሁ። እነዚያን አስቀድሚ። ለአንዳንዱ፣ ጠርዙ ነጣ ለሚለው፣ ያን ጊዜ እሳትሽን አንድጂ። የዘመድም ቢሆን እዪው፤ ብቻ ቶሎ እዪው።

ብዙ መጠንቀቅ ጥፋት ነው ወይ ላልሽኝ፣ አይደለም ልጄ። ሰው ሳያውቅሽ በሰላም የሚውልበትን በር መጠበቅ ክብር ነው። ጎረቤት «ልጅሽ ምን ትሠራለች?» ሲለኝ፣ ስሙን በደንብ ባልጠራውም፣ «ሐሰት እንዳይገባ ትጠብቃለች» እላለሁ፤ ስለውም አንገቴ ቀና ይላል። ሰኞ አለቃሽ ፊት ስትቀርቢ አንቺም አንገትሽን እንዳትደፊ። «እሳቱን አላጠፋም፤ ከእሳቱ በፊት ድንጋይ አኖራለሁ» በዪው። ማለዳ ስትወጪ ደግሞ ጸሎቱን ጸልዪ፤ ሁለተኛውን ግማሽ አትርሺ።